የተተወ የድንጋይ ካባ ዳግመኛ ለምለም መሬት ስለሚሆንበት መንገድ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ ከተቆረቆረች ወዲህ ለግንቧ፣ ለአጥሯና ለመንገዷ የዋለው ድንጋይ ብዙው የተፈነቀለው ከራሷና በዙሪያዋ ካሉት ተራሮች ነው። ድንጋዩ ከወጣ በኋላ በስፍራው የሚቀረውን ነገር የሚመለከት ሰው ግን ጥቂት ነው። ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ባለቤቱ ይመረቅበታል፤ ድንጋዩ የወጣበት ካባ ግን አስታማሚ እንደሌለው ቁስል ክፍቱን ይቀራል። ይህ ነገር በጉለሌ በኩል ባለው የእንጦጦ ተዳፋት፣ ድንጋይ በተፈነቀለበትና የሸክላ አፈር በተማሰበት ቦታ ለሚኖር ሰው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ የደጁ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የተተወ ካባ ዛፍ የሚበቅልበትና ጎረቤቱ የሚጠቀምበት ቦታ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ጥቂት ለማስረዳት እንወዳለን።

አስቀድሞ ጉዳቱን እንመልከት። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ተዳፋቱ ሣርና ቊጥቋጦ ለብሶ ሳለ ውሃው ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ የቀረውም ቀስ ብሎ ይወርዳል። አለቱ ተገልጦ የቀረ እንደ ሆነ ግን ውሃው ሁለት መንገድ ብቻ አለው። ወይ በጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ ወይም የተቆፈረውን አፈር ይዞ ወደ ቀበናና ወደ ቀጨኔ ወንዞች ይንደረደራል። የተኛው ውሃ ላዩ ጸጥ ያለ ስለሆነ ልጆችን ለዋና ይጋብዛል፤ ይሁን እንጂ ዳሩ እንደ ግንብ ቀጥ ያለና ጥልቀቱ የማይታወቅ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ የገባ ልጅ መውጫ ያጣል። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የሚንደረደረውም ውሃ በታች ባሉት ሰፈሮች ድልድይና ቦይ እየደፈነ ጎርፍን ወደ ቤት ያስገባል።

ብዙ ሰው ለዚህ ጉድጓድ የሚያስበው ቀላል መድኃኒት ቆሻሻ መሙላት ነው። ነገር ግን ከተሰነጣጠቀ አለት ላይ የተደፋ ቆሻሻ የሚያመነጨው ፈሳሽ ወደ ምንጮቹ ይወርዳል፤ ክምሩም ራሱ እንደ ጽኑ መሬት አይታመንም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ በቆሼ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወት መጥፋቱን የምናስታውሰው ነው። ቆሼ የድንጋይ ካባ ባይሆንም፣ በዘፈቀደ የተከመረ ነገር ከሰው መኖሪያ አጠገብ ምን ሊያደርስ እንደሚችል አሳይቶናል።

ሌላው ሰው ደግሞ «ችግኝ ይተከልበት» ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን ችግኝ የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት አፈር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አፈር የተፈጨ ድንጋይ ብቻ አይደለም። የበሰበሰ ቅጠል፣ ሥር፣ ትልና በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ፍጥረታት አንድ ላይ ሆነው የሚያዘጋጁት ነገር ነው። ተፈጥሮ በራሷ ጊዜ ጥቂት ጣት የሚያህል አፈር ለማዘጋጀት በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጅባታል። በካባ ወለል ላይ ይህ ሁሉ ተጠርጎ ሄዷል። ስለዚህ በባዶ አለት ላይ በክረምት የተተከለ ችግኝ በበጋ ቢደርቅ፣ ጥፋቱ የችግኙ አይደለም።

ሥራው በቅደም ተከተል ሲሠራ አራት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ቀጥ ያለው ገደል በእርከን እየተከፈለ ይስተካከላል፤ የተንጠለጠለውም ድንጋይ አስቀድሞ ይወርዳል። ሁለተኛም ከላይ የሚመጣው ውሃ በአናቱ ዙሪያ በሚቆፈር ማፋሰሻ ቦይ ከገደሉ ይመለሳል፤ ወደ ውስጥ የሚገባውም በድንጋይ ክትር ፍጥነቱ እየበረደ ዳሩ ተዳፋት በሆነና በታጠረ ኩሬ ይጠራቀማል። ሦስተኛም አፈርና ብስባሽ ፍግ ይመለስበታል። አራተኛም በመጀመሪያ ሣርና ጭንጫ መሬት የሚችሉ ተክሎች፣ ለምሳሌ እንደ ክትክታ ያሉት፣ ቀጥሎም በጥላቸው ሥር እንደ ወይራ፣ እንደ ሐበሻ ጽድና እንደ ኮሶ ያሉት ዛፎች ይተከላሉ። ከአራቱ አንዱ የተዘለለ እንደ ሆነ የቀሩት ድካማቸው ከንቱ ይሆናል።

ይህ የሕልም ነገር እንዳይመስል፣ ከጎረቤታችን ከኬንያ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በሞምባሳ አጠገብ ባምቡሪ በሚባል ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ኮራል የሚባለው የኖራ ድንጋይ ሲወጣ ቆይቶ ሰፊ ምድረ በዳ ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬኔ ሀለር የተባሉ የስዊስ ተወላጅ የግብርና ባለሙያ በዚያ ላይ 26 ዓይነት ዛፎች ቢሞክሩ የጸደቁት 3 ብቻ ሆኑ። ከእነዚህም ዋነኛው እኛ ሸውሸዌ የምንለው ዛፍ ነበር፤ ምክንያቱም ይህ ዛፍ በሥሩ ከሚኖሩት ረቂቃን ፍጥረታት ጋር ተባብሮ የአየሩን ናይትሮጅን ለምግብነት ያውላል። ይሁን እንጂ የሚረግፈው ቅጠል ሳይበሰብስ ተከማችቶ ስለ ቀረ፣ ሀለር ሺ እግር የሚባለውን ባለ ብዙ እግር ፍጥረት አምጥተው ለቀቁበት። ሺ እግርም ቅጠሉን እየበላ ወደ አፈርነት ለወጠው፤ አፈሩም ሌሎችን ዛፎች፣ ዛፎቹም ወፎችንና አውሬዎችን ጠሩ። የዓሣ እርባታም ተጨመረበት። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1984 ለሕዝብ ተከፈተ፤ ዛሬም በሀለር ስም ይጠራል። እዚያ ጫካ የተገኘው በብዙ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ አፈርን በመሥራት መሆኑን ልብ ይሏል።

የሞምባሳ ዛፍ ግን ለእንጦጦ ብርድ አይሆንም። ለእኛ የሚሆነውን የምንማረው ከጉለሌ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ታስቦ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ የተደራጀው የጉለሌ እፅዋት ማዕከል፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኅብረት ያቋቋሙት ሲሆን፣ ስፋቱ 705 ሄክታር ይሆናል። ተራራው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ወደ አገራችን በገባው ባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ነበር። ባሕር ዛፍ ለከተማዋ ማገዶና ማገር ሆኖ ብዙ ጠቅሟል፤ ከሥሩ ግን ሌላ ተክል እንደ ልብ አያስበቅልም። ማዕከሉ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ተክሎች ለመተካት የሚደክም ስለሆነ፣ የትኛው ዘር በዚህ ከፍታ እንደሚጸድቅ ማወቅ ለሚሻ ሰው ትምህርቱ ከቅርብ ይገኛል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን እንመልከት፤ እርሱም ሰው ነው። ከእንጦጦ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴቶች አሉ። በቀጨኔም የተራራውን አፈር ወደ ጀበናና ወደ ምጣድ ለውጠው የሚኖሩ ባለሙያዎች አሉ። የተተወውን ቦታ አጥሮ «አትግቡ» ማለት የእነዚህን ሰዎች እንጀራ መንጠቅ ይሆናል፤ እንጀራው የተነጠቀ ሰው ደግሞ አጥርን ቢያፈርስ ሊያስደንቀን አይገባም። ስለዚህ የሸክላ አፈር የሚወጣበት ቦታ ተለይቶ በሥርዓት ይጠበቅላቸው። የችግኝ ጣቢያው ሥራ ለእንጨት ተሸካሚዎቹ ይሰጥ። ሣሩ ከብት ሳይለቀቅበት እየታጨደ ይከፋፈል፤ የንብ ቀፎም ይሰቀልበት። ጥበቃውንም የሰፈሩ ዕድር በውል ቢረከበው፣ ከደሞዝተኛ ዘበኛ ይልቅ የታመነ ይሆናል፤ በልጁ ሞት ሐዘን የሚቀመጠው ሰፈር ኩሬውን ለመጠበቅ የሚያንስ ትጋት የለውምና።

የአገራችን ሕግም ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። የማዕድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ የጎዳውን አካባቢ መልሶ ለማልማት የሚሆን ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። ከሕጉ በፊት ተቆፍረው የቀሩት ካባዎች ግን ተጠያቂ የላቸውም፤ የእነርሱ ዕዳ የወደቀው በከተማውና በነዋሪው ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር አለ። የካባ መዳን የሚጀምረው በተዘጋ ማግስት ሳይሆን በተከፈተበት ቀን ነው። አካፋው መጀመሪያ የሚያነሣው ጥቁሩ የላይ አፈር ከጠጠሩ ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው ቢቀመጥ፣ ክምሩም ከሁለት ሜትር ሳይበልጥ ሣር ቢዘራበት፣ በውስጡ ያለው ሕይወት ሳይሞት የሚመለስበትን ቀን ይጠብቃል። ይህን አፈር በመጀመሪያው ቀን ማኖር የጥቂት ሰዎች ሥራ ነው፤ በኋላ ከሌላ ስፍራ መግዛትና ማጓጓዝ ግን ብዙ ያስወጣል፤ የሚመጣበትንም ቦታ ያራቁታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለድንጋይ ካባም ይሠራል።

እንግዲህ አንባቢያን ሆይ፤ በሰፈራችሁ አዲስ ካባ ሲከፈት ብታዩ፣ ድንጋዩ ስንት እንደሚሸጥ ከመጠየቃችሁ በፊት የላይ አፈሩ ወዴት እንደ ተቀመጠ ጠይቁ። የተተወ አሮጌ ካባ ያለበት ሰፈር ደግሞ ከሰኔ በፊት ዕድሩን ሰብስቦ የአናቱን ቦይ ይቆፍር፤ የኩሬውንም ዳር ይጠር። ችግኙ በቀጣዩ ክረምት ይደርሳል።