ብድር በቴሌግራም፤ ፍርድ ቤት ምን ይላል?

ሕግ አጥንቼ እንጀራዬን ግን ከኮምፒውተር ጋር በተያያዘ ሥራ የማገኝ ሰው በመሆኔ ወዳጆቼ ከሁለቱም ወገን ጥያቄ ያመጡልኛል፡፡ ባለፉት ጥቂት ዓመታት አንዱ ጥያቄ ሌሎቹን ሁሉ ውጧቸዋል፡፡ «ለጓደኛዬ በሞባይል ባንኪንግ 80 ሺሕ ብር አበደርኩት፡፡ በሁለት ወር እመልሳለሁ ብሎ በቴሌግራም ጽፎልኛል፡፡ አሁን ስልክ አያነሳም፡፡ ይህ ጽሑፍ ማስረጃ ይሆነኛል ወይ?» የሚል ነው፡፡ አጭሩ መልስ «ሊሆን ይችላል» ነው፡፡ ጠያቂዎቼ በዚህ መልስ ሲከፉ ስለማይ ነገሩን ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፡፡

መነሻው በ1952 ዓ.ም. የወጣውና እስከ ዛሬ የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው፡፡ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት ይህ ሕግ በአንቀጽ 2472 ላይ ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል፡፡ ሕጉ ሲወጣ 500 ብር 200 የአሜሪካን ዶላር ገደማ ስለነበር ቀላል ገንዘብ አልነበረም፡፡ ዛሬ ለሁለት ሰው ምሳ ላይበቃ ይችላል፤ አንቀጹ ግን ቁጥሩን ይዞ እንደቆመ አለ፡፡ ስለዚህ በወዳጆች መካከል የሚደረግ ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ አንቀጽ ሥር ይወድቃል፡፡ ሲበደር አጠገቡ የነበሩ አምስት ሰዎች ቢመሰክሩም፣ ተበዳሪው ከካደና ጽሑፍ ከሌለ፣ የሰው ምስክር ብቻውን አያዋጣም፡፡ ብድር መመለሱም ቢሆን በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚረጋገጠው፡፡ በጥሬ ገንዘብ መልሶ ወረቀት ሳይቀበል የሄደ ተበዳሪ ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል፡፡

«ታዲያ የባንኩ ደረሰኝ አለኝ አይደለም ወይ?» የሚለው ቀጣዩ ጥያቄ ነው፡፡ አለ፤ ነገር ግን ደረሰኙ የሚያስረዳው ገንዘቡ ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባቱን ነው፡፡ ለምን እንደገባ አይናገርም፡፡ ተበዳሪው «ስጦታ ነው»፣ «የቀድሞ ዕዳውን ከፈለኝ»፣ «የሸጥኩለት ዕቃ ዋጋ ነው» ሊል ይችላል፡፡ አንዳንዶች ገንዘቡን ሲልኩ ምክንያት በሚጠይቀው ሣጥን ውስጥ «ብድር» ብለው ይጽፋሉ፡፡ ጥሩ ልማድ ነው፡፡ ይሁንና ያንን ቃል የጻፈው አበዳሪው ራሱ ነው፤ ሰው ለራሱ የጻፈው ጽሑፍ በሌላው ላይ ያለው ክብደት ውስን ነው፡፡ ክብደት የሚሰጠው የተበዳሪው ቃል ነው፡፡ ቴሌግራሙ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፡፡

በስልክ የተጻፈ ነገር በሕግ ዓይን «ጽሑፍ» ነው ወይ የሚለው ክርክር ለረዥም ጊዜ መልስ አልነበረውም፡፡ የ1952ቱ ሕግ አርቃቂዎች ያሰቡት ወረቀትና ቀለም ነው፤ አንቀጽ 1728ም ፊርማ በእጅ እንዲጻፍ ይጠይቃል፡፡ ይህንን ክፍተት የሞሉት ሁለት አዋጆች ናቸው፡፡ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 አንድ ፊርማ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት ሊነፈገው እንደማይገባ ደነገገ፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ ሕግ ጽሑፍ በሚጠይቅበት ቦታ ለወደፊት ሊገኝና ሊነበብ በሚችል መልኩ የተቀመጠ የኤሌክትሮኒክ መልዕክት ጽሑፉን ሊተካ እንደሚችል ተቀበለ፡፡ ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም፡፡ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ2001 ካወጣቸው የናሙና ሕጎች የተቀዳ ነው፡፡ መሠረቱም «ወረቀት የሚሠራልንን ሥራ ሌላ ነገር ከሠራልን፣ ሕጉ ያንንም እንደ ወረቀት ይቁጠረው» የሚል ነው፡፡

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፡፡ አዋጁ «ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ አልቀበልም» እንዳይባል ከለከለ እንጂ «የቀረበው ሁሉ እውነት ነው» አላለም፡፡ መልዕክቱ ፍርድ ቤት ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ማን ጻፈው፣ ከተጻፈ ወዲህስ ተነካክቷል ወይ የሚሉትን ፈተናዎች ማለፍ አለበት፡፡ አብዛኛው ሰው ይዞ የሚመጣው የስክሪን ሾት ደግሞ በሁለቱም ፈተና ደካማ ነው፡፡

ምክንያቱን ላስረዳ፡፡ ስክሪን ሾት ፎቶግራፍ ነው፡፡ በቴሌግራም ላይ አንድን ሰው በፈለግነው ስም ስልካችን ላይ መመዝገብ እንችላለን፡፡ ሁለተኛ ስልክ ያለው ሰው የራሱን ቁጥር በተበዳሪው ስም መዝግቦ፣ ፎቶውንም ለጥፎ፣ ከራሱ ጋር ሲጻጻፍ ውሎ ፎቶ አንስቶ ሊያቀርብ ይችላል፡፡ ይህን ለማድረግ ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ የኮምፒውተር ዕውቀትም አይጠይቅም፡፡ የተከሳሽ ጠበቃ ይህንኑ ለዳኛው ሲያስረዳ ከሳሹ መልስ ያስፈልገዋል፡፡ (እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ፈጥሮ ወይም ቀይሮ ማቅረብ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 መሠረት በወንጀል ሊያስጠይቅ እንደሚችል በዚሁ አጋጣሚ ይታወስ፡፡)

መልሱ ያለው ስልኩ ራሱ ውስጥ ነው፡፡ ከስክሪኑ ጀርባ መልዕክቱ ከየትኛው አካውንት እንደመጣ፣ አካውንቱ ከየትኛው ስልክ ቁጥር ጋር እንደተያያዘ፣ በስንት ሰዓት እንደደረሰ የሚያሳይ መረጃ አለ፡፡ ቁጥሩ በማን ስም እንደተመዘገበ ደግሞ ፍርድ ቤት ከቴሌኮም ድርጅቱ ሊያስጠይቅ ይችላል፡፡ የመልዕክቱ ሰዓትና የባንኩ ዝውውር ሰዓት ሲገጣጠሙ፣ ገንዘቡ ከገባ በኋላ «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» የሚል መልስ ሲኖር፣ ነገሩ ከአንድ ፎቶግራፍ ወደ እርስ በርሱ የሚደጋገፍ ማስረጃ ይለወጣል፡፡ እኔ ለወዳጆቼ የምነግራቸው ስልኩን እንዳይሸጡት፣ ውይይቱንም እንዳያጠፉት ነው፡፡ ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ አንዱ ወገን የግል ውይይትን ከሁለቱም ስልክ እንዲሰርዝ ስለሚፈቅድ፣ ተበዳሪው ሳይቀድም በኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን ቴሌግራም ተጠቅሞ የውይይቱን ሙሉ ቅጂ ማውጣት ያስፈልጋል፡፡ ኤስኤምኤስ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ላኪው ከእኛ ስልክ ላይ ሊሰርዘው አይችልም፡፡

ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚገላግለው እውነተኛው ዲጂታል ፊርማ ነው፡፡ ብዙ ሰው በእጅ የተፈረመን ፊርማ ስካን አድርጎ ሰነድ ላይ መለጠፍን ዲጂታል ፊርማ ይለዋል፡፡ አይደለም፤ ያ ሥዕል ነው፤ ማንም ቆርጦ ሌላ ሰነድ ላይ ሊለጥፈው ይችላል፡፡ ዲጂታል ፊርማ የሚሠራው በሒሳብ ነው፡፡ በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ ሰነዱን በሙሉ አንብቦ አጭር የጣት አሻራ የመሰለ ቁጥር ያወጣለታል፡፡ ሻ-256 በተባለው ስልት ከሆነ አሻራው የፊደልና የአኃዝ ድብልቅ የሆኑ 64 ምልክቶች ይኖሩታል፡፡ ከሰነዱ ውስጥ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትቀየር አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል፡፡ ፈራሚው ይህንን አሻራ እሱ ብቻ በያዘው ሚስጥራዊ ቁልፍ ይፈርምበታል፤ ሌላው ሰው ደግሞ ለሁሉም ክፍት በሆነው ጥንድ ቁልፍ ያረጋግጠዋል፡፡ ቁልፉ የእገሌ መሆኑን የሚመሰክር ሰርተፊኬት የሚሰጥ አካል ያስፈልጋል፡፡ በአዋጁ መሠረት በዚህ ሰንሰለት አናት ላይ የተቀመጠው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው፡፡ በእንዲህ ያለ ፊርማ የተፈረመ ሰነድ «ማን ጻፈው» እና «ተነካክቷል ወይ» ለሚሉት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ መልስ ይሰጣል፡፡ ችግሩ ከጓደኛው ገንዘብ የሚበደር ሰው ሰርተፊኬት አውጥቶ አለመምጣቱ ነው፡፡

በእኔ አስተያየት ግን ከብድር ይልቅ የሚያሳስበው ዋስትና ነው፡፡ አንቀጽ 2472 የሚናገረው ስለ ማስረጃ ሲሆን፣ ዋስትና በአንቀጽ 1725 መሠረት ራሱ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል፡፡ በጽሑፍ እንዲሆን የታዘዘ ውል ደግሞ በአንቀጽ 1727 የተዋዋዮቹንና የሁለት ምስክሮችን ፊርማ ይፈልጋል፡፡ በዚያ ላይ አንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው ፈራሽ ነው ይላል፡፡ ስለዚህ «አንተ ብቻ ስጠው፣ እኔ ዋስ ነኝ» የሚል የስልክ መልዕክት ምንም ያህል እውነተኛ ቢሆን ሁለት ምስክሮችና የገንዘብ ልክ ይጎድሉታል፡፡ በእንዲህ ያለ መልዕክት ተማምኖ ገንዘብ የሰጠ ሰው ተበዳሪው ሲጠፋበት ዋሱን ይዞ ለመቅረት ይቸገራል፡፡ ምስክሮቹም በኤሌክትሮኒክ ይፈርሙ ከተባለ እያንዳንዳቸው ሰርተፊኬት ሊያወጡ ነው፡፡ እስከዚያው ዋስትና የሚቀበል ሰው አንድ ገጽ ወረቀት ላይ መጠኑን በአኃዝና በፊደል አስጽፎ፣ ሁለት ምስክሮች አስፈርሞ ቢይዝ ይሻለዋል፡፡ ለብድሩ ደግሞ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ተበዳሪው ሙሉ ስሙን፣ የገንዘቡን መጠን፣ «ብድር» የሚለውን ቃልና የሚመልስበትን ቀን በራሱ ስልክ ጽፎ እንዲልክ መጠየቅ ይቻላል፡፡ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ይሉኝታው ግን ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፡፡