ስለ ውኃ ዛጎሎች ልዩ ልዩነት፤ ጎጂውንም ከማይጎዳው ስለ መለየት

ከሁሩታ በላይ ባለው የአርሲ ደጋ፣ ምንጭና ጨፌ በበዛበት ስፍራ፣ በጉ ከስቶና ከመንጋጋው በታች አብጦ ሲሞት ባለከብቱ ውኃውን ይጠረጥራል። መጠርጠሩም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በውኃ ዳር የተገኘው ቅርፊት ሁሉ ዛጎል እየተባለ በአንድ ስም ስለሚጠራ፣ ጥፋተኛው ከንጹሑ ጋር ተደባልቆ ይፈረድበታል። ስለዚህ ሹሙም ባለመሬቱም የእነዚህን ፍጥረታት ወገን ለይቶ ማወቅ ያስፈልገዋል።

ቅርፊቱ አንድ ሆኖ የተጠማዘዘው ቀንድ አውጣ ነው። ሁለት ቅርፊቶቹ እንደ መጽሐፍ ገበታ በአንድ ወገን የተጋጠሙት ግን ሌላ ነገድ ነው፤ ራስ የለውም፤ ውኃ ወደ ውስጡ እየሳበ በውኃው የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ምግብ ያጠልላል፤ የጠራውንም መልሶ ያወጣል።

ይህም ነገድ በባሕርና በወንዝ ጠባዩ ይለያያል። አንዳንዱ የባሕር ዛጎል እንደ ሐር ያለ ክር እያወጣ ከድንጋይ ጋር ይታሰራል፤ ልጆቹም በባሕሩ ውስጥ በነፃ ሲንሳፈፉ ያድጋሉ። የወንዙ እንዲህ ቢያደርግ ልጆቹን ሁሉ ጎርፍ ጠርጎ በወሰዳቸው ነበር። ስለዚህ በዓለም ከሚታወቁት ከ900 በላይ ከሆኑት የወንዝና የሐይቅ ትልልቅ ዛጎሎች የሚበዙት ልጆቻቸውን በዓሣ ላይ ይጭናሉ። ደቃቁ ልጅ በዓሣው ስንጥብ ወይም ክንፍ ላይ ተጣብቆ ሽቅብ ይጓዛል፤ ጊዜው ሲደርስም ወርዶ በአሸዋ ውስጥ ይቀበራል። እንግዲህ ዓሣው ከጠፋ ዘራቸው ይቋረጣል፤ አሮጌዎቹ ብዙ ዓመት ስለሚኖሩ ግን ወንዙ ገና ዛጎል የሞላበት ይመስላል።

በኢትዮጵያ ውኃዎች ከሚገኙት አንዱን ማርቴንስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1866 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዩኒዮ አቢሲኒኩስ ብሎ በአገሪቱ ስም ሰይሞታል። ኤቴሪያ የሚባለው ደግሞ ከዓባይ ተፋሰስ እስከ ሴኔጋል ድረስ የሚታወቅ ሲሆን፣ ፏፏቴና ፈጣን ውኃ ባለበት ከዓለቱ ጋር እንደ ኖራ ተጣብቆ ይኖራል። በደጋው ምንጮች የሚገኘው ፒሲዲየም ግን ከምስር ፍሬ እምብዛም አይበልጥም፤ ልጆቹን በራሱ ቅርፊት ውስጥ ስለሚያሳድግ የዓሣ እርዳታ አይሻም።

ከእነዚህ ባለ ሁለት ቅርፊቶች አንዱም የጉበት ትልን ወደ በግ አያስተላልፍም። አስተላላፊው በጨፌው ጭቃ ላይ የሚኖር፣ ከስንዴ ፍሬ ጥቂት የሚበልጥ ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። የትሉ እንቁላል ከታመመው ከብት እበት ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ የተፈለፈለውም በቀንድ አውጣው ሥጋ ውስጥ ለሳምንታት ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ በሣር ላይ ይጣበቃል፤ በጉም ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ የቢልሃርዚያን በሽታ ለመከላከል ምርምር ጀመሩ። ነገሩ የተመሰገነ ነው። ሆኖም ይህን የሰማ ሹም እንዶድ አስወቅጦ በወንዝ ላይ ላስበትነው ቢል ይሳሳታል፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና። ለባለ ሁለት ቅርፊቱም አይራራም። በ1988 በሰሜን አሜሪካ ሐይቅ የታየው፣ በመስመሩ ምክንያት የሜዳ አህያ ዛጎል የተባለው እንግዳ ፍጥረት የውኃ ቧንቧዎችን በደፈነ ጊዜ፣ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ምርመራ እንዶድ ይገድለው ዘንድ መቻሉ ተረጋግጧል። በዚያ አገር ጠላት የሆነውን የገደለ፣ በዚህ አገር ወንዝ የሚያጠራውንም አይምርም።

ይልቁንስ ድካሙ ከወንዙ ይልቅ በጨፌው ላይ ቢውል ይበጃል። ከምንጩ የሚንጠባጠበው ውኃ በቦይ ተሰብስቦ ወደ ገንዳ ይግባ፤ ከብቱ በዚያ ይጠጣ፤ ረግረጉም ይታጠር። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጎችን በጨፌ ማሰማራት እጅግ አደገኛ ነው፤ ሣሩ ለምለም ስለ ሆነ እረኛው የሚመርጠው ያንኑ ነውና፣ ይህን አስቀድሞ ማስታወቅ የአጥቢያው ሹም ሥራ ነው። የከሱት በጎች ለእንስሳት ሐኪም ቀርበው መድኃኒቱን ይጠጡ፤ የታረደውም በግ ጉበቱ ትል ከተገኘበት ለውሻ ከመጣሉ በፊት በየትኛው ጨፌ ሲግጥ እንደ ነበረ ይጠየቅ።