አንድ ድምፅ፣ ሃያ አራት ስም

በሜሪላንድ ግዛት፣ በሎረል ከተማ ለሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ «ኃይለ ሥላሴ» የሚል የገጽ ስም ካለው ዘመዱ አስቸኳይ የገንዘብ ጥያቄ ደረሰው እንበል። ፎቶግራፉ የዘመዱ ነው፤ ስሙም ሲነበብ ያው ነው። መልእክቱ የመጣው ግን «ሀይለ ስላሴ» ከሚል ሌላ ገጽ ነው። ተቀባዩ ልዩነቱን የአጻጻፍ ልማድ አድርጎ ያልፈዋል። ለኮምፒዩተር ግን ሁለቱ የማይገናኙ ስሞች ናቸው።

ምክንያቱ የፊደሉ አቆጣጠር ነው። የግዕዝ ፊደል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲካተት፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ፤ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ሆኑ። ማሽኑ የሚያነጻጽረው ቁጥሩን እንጂ ድምፁን አይደለም። በአማርኛ የስሙ የመጀመሪያ ድምፅ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ተብሎ በስድስት መልክ ሊጻፍ ይችላል። «ሥ» እና «ሴ» ደግሞ እያንዳንዳቸው ሁለት መልክ አላቸው። ስድስት በሁለት፣ ውጤቱም በሁለት ሲባዛ 24 ይሆናል። ስለዚህ ይህ አንድ ስም 24 አምሳያ አለው ማለት ነው።

ችግሩ ያልታሰበበት አይደለም። የኢንተርኔት አድራሻዎችን የሚያስተባብረው አይካን በ2017 ባወጣው ደንብ፣ እንደ «ዶት ኮም» በአድራሻ መጨረሻ ለሚገቡ የግዕዝ ፊደል ስሞች፣ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን ተለዋጮች ብሎ ቆጥሯቸዋል። አንዱ አጻጻፍ ከተመዘገበ አምሳያው ለሌላ ሰው አይሰጥም። ደንቡ ግን የማኅበራዊ መገናኛ ገጾችን አይመለከትም።

በእነዚህ ገጾች ሁለት ዓይነት ስም አለ። አንደኛው በጉልህ የሚታየው የገጽ ስም ነው፤ በአማርኛ ይጻፋል፣ ብዙ ሰዎችም ሊጋሩት ይችላሉ። ሁለተኛው ከሌላ ሰው ጋር የማይደገመው የተጠቃሚ መለያ ነው። በኤክስና በቴሌግራም ይህ መለያ በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በግርጌ ሰረዝ ብቻ ይጻፋል። ተመልካች የሚያምነው የመጀመሪያውን ሲሆን፣ ሰውየውን የሚለየው ግን ሁለተኛው ነው።

ራስን በሌላ ስም ማስጠራት ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው በሚል የፈረስ ስም ይጠሩ ነበር። ያን ስም ግን ባለቤቱን በዐይኑ የሚያውቅ ሠራዊት ይመሰክርለት ነበር። የኢንተርኔት ስም እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። ስለሆነም ገንዘብ ከመላክ በፊት መለያውን ፊደል በፊደል ማመሳከር፣ ከዚያም በሚያውቁት ስልክ ደውሎ የዘመድን ድምፅ መስማት ያስፈልጋል።