መቶ በመቶ፣ ከስንቱ?

የእህቴን ልጅ ለማስመዝገብ አንድ የግል ኮሌጅ በር ላይ ተሰልፈናል። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ባነር «የመውጫ ፈተና 100% አሳልፈናል» ይላል። ከፊታችን የቆሙ ነጠላ የለበሱ እናት ባነሩን ሲያዩት ቆዩና ተራቸው ሲደርስ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው «የኔ ልጅ፣ ስንት ልጅ ተፈትኖ ነው መቶ በመቶው?» አሉ። መዝጋቢዋ ፈገግ አለች። «እሱን ዲን ቢሮ ይጠይቁ እማማ» ብላ ቀጣዩን ተራ ጠራች። እሳቸው ልጃቸውን አስመዘገቡ፣ እኛም አስመዘገብን። ወረፋው ላይ ከነበርነው መካከል ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የመውጫ ፈተና ነገር ለአንባቢ አዲስ አይደለም። የሕግ ተማሪዎች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ያውቁታል፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚመረቁት ሁሉ የተዳረሰው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በዚያ ዙር 150,184 ተማሪዎች ተፈትነው 61,054ቱ ማለፊያውን 50 እና ከዚያ በላይ አመጡ፤ 40.65 በመቶ መሆኑ ነው። በየሻይ ቤቱ የተወራው ግን ሌላው ቁጥር ነበር። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62.37 በመቶ ሲያልፍ፣ ከግል ተቋማት ያለፈው 17.2 በመቶ ብቻ ሆነ። ፍርዱም ያን ሰሞን ተሰጠ፦ የግል ኮሌጅ ዲግሪ መቸርቸሪያ ነው። የሚቸረችሩ መኖራቸውን እኔም አልክድም። ያ ቁጥር ግን ያንን ያሳያል ወይ?

ጥያቄውን ይዤ የሄድኩት ስማቸው እንዳይጠቀስ ወደ ጠየቁ አንድ አንጋፋ የስታትስቲክስ መምህር ነው። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በማስተማርና ለሆስፒታል ጥናቶች መረጃ በመተንተን ስለሆነ ክፍል ውስጥ ያለውንም አልጋ ላይ ያለውንም ያውቃሉ። ቁጥሮቹን ጽፌ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ሳያደርጉ ወረቀቱን መለሱልኝ።

«አንዱ ወፍጮ ቤት ማኛ ጤፍ፣ ሌላው ሰርገኛ ይቀበላል። አንተ ደግሞ ዱቄቱን አይተህ ድንጋዩን ልትገመግም መጣህ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ12ኛ ክፍል ውጤት የተሻሉትን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይመድባል። ምደባ ያልደረሳቸው፣ ቀን እየሠሩ ማታ የሚማሩ፣ ልጅ እያሳደጉ ዲግሪ የጀመሩ ደግሞ በብዛት ወደ ግል ይገባሉ። ስለዚህ በ62 እና በ17 መካከል ካለው ክፍተት የተወሰነው ተማሪዎቹ አንዲት ክፍለ ጊዜ ሳይማሩ በፊት የነበረ ነው። ምን ያህሉ ቀድሞ የነበረ፣ ምን ያህሉ በማስተማር ጉድለት የመጣ እንደሆነ ከተገለጸው መቶኛ ማውጣት አይቻልም።

«ሐኪሞች ይህንኑ ስህተት ሲሠሩት ኖረዋል» አሉ መምህሩ። «እነሱ ግን ሰው እየሞተባቸው ስለሆነ ተማሩ። እኛ ጋ የሚሞት ስለሌለ አንቸኩልም።»

እሳቸው በዚህ ርዕስ ከጀመሩ የሚያቆማቸው የለም፤ እኔም ላስቆማቸው አልፈለግኩም። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1830ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ሳንባ ምች የያዘው ሁሉ ደሙ ይፈስስ ነበር። ዋግምት ለሚያውቅ የአገራችን ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ የእነሱን እንግዳ የሚያደርገው ብዛቱ ነው። ፈረንሳይ በ1833 ብቻ ከ40 ሚሊዮን በላይ አልቅት ከውጭ አስገብታለች። ፒየር ሉዊ የተባለ ሐኪም ከመከራከር ይልቅ መቁጠር ያዘ። 77 የሳንባ ምች ታማሚዎችን መዝግቦ ሲያሰላ፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ከተበጡት 44 በመቶው፣ ዘግይተው ከተበጡት 25 በመቶው ሞተዋል። ባልደረቦቹ ተቆጡ፤ ታማሚ ሁሉ የየራሱ ነው፣ ሰው እንደ ብር አይደመርም አሉ።

«ተሳስተው አልነበረም እኮ!» አሉ መምህሩ፣ ጠረጴዛውን መታ አድርገው። «ቶሎ የተበጣው ቶሎ የጠናበት ቢሆንስ? ሉዊ ቆጠረ፣ እግዜር ይስጠው። የቆጠራቸው ሰዎች አቻ መሆናቸውን ግን ማረጋገጥ አልቻለም።»

ያ ቀዳዳ የተደፈነው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው አዲስ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በእንግሊዝ ለሁሉም የሚበቃ አልነበረም። ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል እጥረቱን ተጠቀመበት፤ ለሁሉም ካልደረሰ ማን ያግኝ የሚለውን ዕጣ ይወስን አለ። ምድቡ በታሸገ ፖስታ ስለመጣ ሐኪሙ የሚድን የመሰለውን መርጦ መድኃኒቱን ሊሰጠው አልቻለም። በ1948 በታተመው ውጤት ከ107ቱ ታማሚዎች መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ የሞቱት 4 ናቸው። ዕረፍት ብቻ ከታዘዘላቸው 52 ሰዎች 14 ሞቱ። ዕጣው ሁለቱን ወገኖች ስላቀራረበ ልዩነቱ የመድኃኒቱ ነው ማለት ተቻለ።

መምህሩ ከሁሉ የሚወዱት ግን በ1986 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣውን የኩላሊት ጠጠር ጥናት ነው። በተለመደው ቀዶ ሕክምና 350 ሰዎች ታክመው ለ78 በመቶው ተሳካ። በትንሽ ቀዳዳ ጠጠሩን በሚያወጣው አዲስ ዘዴም 350 ታክመው ለ83 በመቶው ተሳካ። አዲሱ አሸነፈ? ጠጠሩን በመጠን ሲለዩት ትንሽ ጠጠር ላይ ቀዶ ሕክምናው 93፣ አዲሱ 87 በመቶ፤ ትልቅ ጠጠር ላይ ቀዶ ሕክምናው 73፣ አዲሱ 69 በመቶ። በሁለቱም ምድብ የበለጠው በድምር ተበለጠ! ምክንያቱ ከባዱ ጠጠር በብዛት ለቀዶ ሕክምናው መድረሱ ነው። ዩኒቨርሲቲም ከዚህ አላመለጠም። በ1973 በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ለድኅረ ምረቃ ካመለከቱ ወንዶች 44፣ ከሴቶች 35 በመቶው ተቀባይነት አገኙ። አድልዎ ነው ተብሎ በትምህርት ክፍል ሲመረመር፣ ሴቶቹ በብዛት ያመለከቱት ጥቂት ሰው በሚቀበሉት ክፍሎች ሆኖ ተገኘ።

«የፈረንጅ ታሪክ ብቻ አይምሰልህ» አሉ ደግሞ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢን በ20 ወር ምትክ ከ9 እስከ 11 ወር ማከም ይቻል እንደሆነ የፈተሸው ዓለም አቀፍ ጥናት ከተካሄደባቸው ቦታዎች ሁለቱ አዲስ አበባ ናቸው፦ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም። በ2019 በወጣው ውጤት ሕክምናው የተሳካላቸው በረዥሙ 79.8፣ በአጭሩ 78.8 በመቶ ነበሩ። ታማሚዎቹ በዕጣ ስለተመደቡ አጭሩ ከረዥሙ አያንስም ለማለት ተቻለ። ከቅዱስ ጴጥሮስ አጠገብ ካለው ሽሮ ሜዳ ትምህርት ሚኒስቴር እስካለበት አራት ኪሎ አንድ ታክሲ ነው፤ ትምህርቱ ግን ያንን መንገድ እስካሁን አልወረደም።

ተማሪን በዕጣ መመደብ አይቻልም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ታማሚንም ሁልጊዜ አይቻልም። ያኔ ሐኪሞች የሚያደርጉት ሆስፒታሉ ምን ያህል የጠናበትን ሰው እንደተቀበለ በስሌቱ ማስገባት ነው። ኒው ዮርክ በዚህ መንገድ የልብ ቀዶ ሕክምና ሞትን በየሆስፒታሉ ማሳወቅ ጀመረች፤ ኒውስደይ የተባለው ጋዜጣ ከስሶ ሲረታ ደግሞ የየሐኪሙ ውጤት ጭምር ወጣ። በ2003 ግን ኢኮኖሚስቶች መዘዙን አሳዩ። በኒው ዮርክና በፔንስልቬንያ ሐኪሞች የጠናበትን ሰው መሸሽ ጀምረዋል፤ የተጎዱትም እነዚያው የጠናባቸው ናቸው።

ይህን ስሰማ ያ ባነር ትዝ አለኝ። ከሌላ የግል ኮሌጅ የወጣ አንድ ልጅ «ሞዴል ፈተና ሰጡንና ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣነውን ‹ገና አልበሰላችሁም› ብለው ስማችንን ሳይልኩት ቀሩ» ብሎኛል። ጓደኞቹ ተፈትነው አለፉ፤ ኮሌጁም አስመረቀ። ልጁ የአራት ዓመት ክፍያውን ጨርሷል፤ ዲግሪ የለውም፤ ወድቋል ተብሎም አልተቆጠረም።

የ12ኛ ክፍል ውጤትና የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የተማሪ ስም ሳይጠቀስ፣ ጎን ለጎን ቢገለጽ ይህ ሁሉ ግምት ይቀራል። ይህንኑ አንድ የሚመለከታቸውን ኃላፊ ጠየቅኩ። መጀመሪያ «የተገለጸው በቂ ነው» አሉኝ። ቀጥሎ ደብዳቤ አስገባ አሉኝ፣ አስገባሁ። ከዚያ «እየታየ ነው»፤ ከዚያ ስልካቸው መነሳቱን ተወ።

መምህሩ ግን ዝምታው ብዙም አላስገረማቸውም፤ የእሳቸው ዓይን ያለው በ2018 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ከዓመታት የስርቆትና የኩረጃ ስሞታ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ፣ 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። እነዚያ በጠባቡ ወንፊት ያለፉ ልጆች የአራት ዓመት ትምህርታቸውን ጨርሰው ለመውጫ ፈተና የሚቀርቡት ያኔ ነው።

«የሚያልፈው ቁጥር ከፍ ይላል» አሉ መምህሩ። «አንድ መምህር ሳይጨመር፣ አንድ ቤተ ሙከራ ሳይከፈት ከፍ ሊል ይችላል። መድረክ ላይ ወጥቶ ምስጋና የሚቀበልም አይጠፋም።»

ከዚያው የ12ኛ ክፍል ፈተና ዝቅ ያለ ነጥብ ይዘው በአቅም ማሻሻያ (ሪሚዲያል) ትምህርት በኩል ዩኒቨርሲቲ የገቡት ደግሞ አንድ ዓመት ያህል ዘግይተው ይከተላሉ። ግቢውም መምህሩም ያው ነው፤ የመግቢያ ነጥባቸውም ተመዝግቦ ተቀምጧል። የሁለቱ ውጤት ተለይቶ ከወጣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ደካማ ሆኖ የመጣን ተማሪ የት እንደሚያደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ይታያል። ተለይቶ ይውጣ ወይስ አብሮ ይደመር የሚለውን የሚወስኑት ስልክ የማያነሱት ኃላፊ ያሉበት መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው።