ገበጣ ስልክ ውስጥ ሲገባ የማንን ሕግ ይዞ ይግባ?

ሰሞኑን ወልቂጤ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ የእህቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝና «ጋሼ፣ ገበጣ ይጋጠሙኛል?» አለኝ። ባሕር ማዶ የተሠራ ጨዋታ ነው። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። የመጨረሻዋ ጠጠሬ ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ላይ ስታርፍ እንደ ልማዴ አፍሼ ልቀጥል ስል ግን ስልኩ ተራዬን ነጠቀኝ። «እኛ ቡታጅራ እንዲህ አንጫወትም ነበር» ብል ማን ይስማኝ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነሳ። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ታዲያ ስልኩ ውስጥ የሚገባው የትኛው ነው?

«ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለው የውጭ አገር የካርድ ጨዋታ ይህ ችግር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቶ በ2002 በኢንተርኔት መጫወቻው ሲከፈት፣ ሕጉን የሚያወጣው አንድ አሳታሚ ነበር፤ የእያንዳንዱ ካርድ ኃይልም እዚያው ካርዱ ላይ ተጽፏል። ለኮምፒዩተሩ የቀረው ማስፈጸም ብቻ ነው። የገበጣ ሕግ ግን ያለው በተጫዋቾቹ አፍ ላይ ነው።

ሕግ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3347 ትዝ ይለዋል። ይህ ድንጋጌ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማዳዊ ደንብ ሁሉ ሽሯል። ሆኖም የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሥርዓት ዛሬም አለ፤ የሚያውቁትና የሚዳኙበት ሽማግሌዎች አሉትና። ስልክ ግን ሽማግሌ አይሰማም፣ ይግባኝም አይቀበልም።

እንግዲህ ጥሩ የስልክ ገበጣ በእኔ እምነት አራት ነገሮችን ያሟላ። አንደኛ፣ ከመጀመሩ በፊት ይጠይቅ፦ በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር? ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ? የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ላይ ብታርፍስ? የተስማማነውንም «የቡታጅራ»፣ «የወልቂጤ» ብለን እንድናስቀምጥ ይፍቀድልን። ሁለተኛ፣ ጠጠሩን አንድ በአንድ ይዝራ፤ ዓይን ካልቆጠረ ገበጣ ምን ሊባል ነው? ሦስተኛ፣ ተጋጣሚው ከፈቀደ የተሳሳተ ሰው ይመልስ። አራተኛ፣ ያለ ኢንተርኔት በአንድ ስልክ ሁለት ሰው ያጫውት፤ ፊት ለፊት መተያየት ያለ ነውና።

ባለሙያ የለንም አይባልም። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተሰኘ አገርኛ የስልክ ጨዋታ ሠርቶ አሳይቷል። የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ልጆች ገበጣን ከስልክ ብቻ ከተማሩ፣ ነገ ገበጣ የሚባለው ስልኩ የሚያውቀው ብቻ ይሆናል።

የእህቴ ልጅ ስልኩን ኪሱ ከትቶ «ታዲያ የእናንተ እንዴት ነበር?» አለኝ። ወጣንና መሬት ላይ ጉድጓድ ማበጀት ጀመርን።