የድሮ ባለ ማርሽ ብስክሌትን ወደ ባለ አንድ ማርሽ መለወጥ፦ የካቴና ውጥረት ጉዳይ

ባለ ማርሽ ብስክሌትን ወደ ባለ አንድ ማርሽ መለወጥ ዕቃ የመቀነስ ሥራ ብቻ ይመስላል። ይሁንና የኋላው ማርሽ ቀያሪ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ ከማሸጋገሩ በተጨማሪ፣ በሞላ ኃይል ውጥረቱን ይጠብቃል። ቀያሪው ሲነሣ ይህን ተግባር የሚረከበው የኋላ ጎማ ፔርኖ የሚገባበት ስንጥቅ ነው። የላላ ካቴና ጋላቢው ቆሞ ፔዳሉን በሚረግጥበት ዳገት ላይ ወልቆ ሊጥለው ይችላል።

በብዙ የድሮ ብስክሌቶች ስንጥቁ ወደ አግድም ያጋደለ በመሆኑ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ካቴናውን መወጠር ይቻላል። የካቴና ዓይኖች በተለምዶ የሚቀነሱት በጥንድ ነው። የአንድ ጥንድ ርዝመት 25.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ካቴናው ከላይም ከታችም ስለሚያልፍ ፔርኖው የሚንቀሳቀሰው የዚህን ግማሽ፣ 12.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስንጥቁ ይህን ያህል ስፋት ካለው፣ የጥርሶቹ ቁጥር ምንም ይሁን ምን ተስማሚ ውጥረት ይገኛል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚከፈት ስንጥቅ ግን ለብቻው የሚገጠም መወጠሪያ ይፈልጋል።

ቀጥሎ የሚወሰነው የጥርስ ቁጥር ነው። ከፊት 42፣ ከኋላ 16 ጥርስ ሲሆን አንድ የፔዳል ዙር ጎማውን 2.6 ጊዜ ያህል ያዞራል፤ የኋላው 18 ሲሆን ወደ 2.3 ይወርዳል፤ ዳገቱ ይቀላል፣ የሜዳው ፍጥነት ይቀንሳል። በመጨረሻም የፊትና የኋላ ጥርሶች በአንድ ቀጥታ መስመር መዋል አለባቸው፤ የተዛነፈ ካቴና ቢወጠርም ቶሎ ያልቃል።