ስመ ጥር የሙዚቃ ጓዶችና የሸክላ ንግድ

ስም በአንድ መንገድ፣ ገንዘብ በሌላ መንገድ ሊጓዝ እንደሚችል የቦንጋ ነጋዴዎች ከቡናቸው ጠንቅቀው የተረዱት ነገር ነው። በዘመናዊው ሙዚቃ ንግድም የታየው ይኸው ነው።

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1948 ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 ወጣቱ ነጋዴ ዐምሃ እሸቴ ይህን ክልከላ ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሕንድ አገር አሳትሞ ለገበያ አቀረበ፤ እስከ 1975 ድረስም ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጣ። የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ያሳተመው ደግሞ አሊ አብደላ ካይፋ ነው። የሸክላው ምልክት «ካይፋ» መባሉ ከባለቤቱ ስም እንጂ ከካፋ ምድር የመጣ አይደለም።

ከዋልያስ፣ ከዳህላክ፣ ከሮሃና ከኢትዮ ስታር የትኛው ጓድ ይበልጣል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላበቃም። ጣዕም የየሰው ቢሆንም፣ በንግድ ዓይን ሲታይ ለዋልያስ መፍረድ ይገባል። ሌሎቹ በአብዛኛው ከዘፋኝ ኋላ ቆመው ሲታወቁ፣ ዋልያስ ግን በ1977 ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ትልቅ ሸክላ በራሱ ስም አውጥቷል። በውስጡ ያለውን የግርማ በየነን «ሙዚቃዊ ስልት» የባሕር ማዶ ጓዶችም ተቀብለው ተጫውተውታል።

ይሁን እንጂ ዝናው ባለቤቱን ወዲያው አልመገበውም። ጓዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ በዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ በዋሺንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖረ። በ1985 የቀዳው ካሴት በባሕር ዳር በአንድ አሜሪካዊ እጅ ገብቶ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ከታክሲው ወደ መድረክ ተመለሰ። 

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአሳታሚው ብቻ ሳይሆን ለተጫዋቹም መብት ሰጥቷል። እንግዲህ በቦንጋ ለሠርግና ለበዓል ጓድ የሚጠሩ ባለ ሆቴሎች ውል ሲጽፉ የጓዱን ስም ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም፣ ቀረጻውም በማን እጅ እንደሚቀር ቢያሰፍሩ ወጪው አንድ ተጨማሪ ወረቀት ብቻ ነው።